ሞጣ በአይሱዙ የገባው መንገደኛ

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከማርቆስ ተነሥተን፣ በጮቄ አድርገን፣ በድጓ ጽዮንና በሞጣ አልፈን ባሕር ዳር ድረስ በእግራችን ልንሄድ ተነጋገርን። በፌስቡክም አሳወቅን። የሰፈር ሰው ስንቅ ቋጠረልን፣ አንድ ባለሱቅ ጫማ ሰጠኝ። ጮቄ ጫፍ እስክንወጣ ደኅና ነበርሁ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ቀኝ ጉልበቴ አበጠ፣ አልታጠፍም አለ። ከድጓ ጽዮን በአይሱዙ ሞጣ ገባሁ። ጓደኞቼ ሲደርሱ አብሬያቸው ልቀጥል ሞከርሁ፣ አልሆነም። በአውቶቡስ ባሕር ዳር ሄጄ ጠበቅኋቸው። ዓባይ ድልድይ አጠገብ ሦስታችንም ፎቶ ተነሣን፣ ለጠፍሁት። ሰው ሁሉ ‹ጀግኖች› አለን። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ጓደኛዬ ኮሜንት ላይ ገብቶ ‹አንዱ እንኳ በአይሱዙ ነው የመጣው› ብሎ ሣቀብኝ። አሁን የሰፈር ልጆች ስሜን ትተው አይሱዙ ይሉኛል። አንዱማ ‹አበበ ቢቂላ ቢሆን አያቋርጥም ነበር› አለኝ። ጋሼ፣ ወድቄያለሁ ማለት ነው? ከድጓ ጽዮን እስከ ሞጣ ያለውን ተመልሼ ብሄደው ይቆጠርልኛል? ጓደኛዬንስ ልታረቀው ወይስ ልተወው? — ጉልበቱ የከዳው»

ወንድም ዓለም፣ አትቀየመኝና ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሣቅሁ። ማርቆስ ውስጥ የወጣ ቅጽል ስም ቶሎ አይለቅም፣ እሱን ቻለው። ጥያቄህ ግን የሚያስቅ አይደለም፣ ስለዚህ እንነጋገርበት።

የአበበን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። አበበ ቢቂላ አቋርጧል! እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን ካሸነፈ በኋላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ይዞት መጣ። በዚህ ምክንያት አበበን ወድቋል ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለዚያ ልጅ ይህን ንገረውና ቡና ይጋብዝህ።

አንተ ግን በአበበ ጀርባ እንዳትደበቅ። ሩጫ ሌላ ነው። ዳኛ አለው፣ ሰዓት አለው፣ መነሻና መድረሻው ተሰምሮ ነው የሚጀመረው፤ ያቋረጠ ሰው ማቋረጡን አገር ያየዋል። ከማርቆስ ባሕር ዳር በጮቄ ዞሮ የሚሄድን ሰው ማን ያየዋል? እረኛና የእረኛ ውሻ።

እሺ፣ ወደ አንተ። ጨርሰሃል ወይ? አልጨረስህም። «ከማርቆስ ባሕር ዳር በእግሬ» ብለህ ተነሣህ፣ በእግርህ ባሕር ዳር አልገባህም፣ በቃ። የሚያባብልህ ሰው አይጠፋም፤ «ዋናው መሞከሩ ነው»፣ «መንገዱ ራሱ ድል ነው» ምናምን ይልሃል። እኔ ይህን ወሬ አልወደውም። ሁለቱ ጓደኞችህ ከሞጣ ባሕር ዳር ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ አቧራ እየቃሙ በእግራቸው ሄደዋል። የሄደውም ያልሄደውም እኩል ድል አድርጓል ካልን የእነሱ ድካም ምን ሊባል ነው?

ድጓ ጽዮን ላይ መኪና መሳፈርህ ግን ጥፋት አልነበረም። እንዲያውም ከጉዞው ሁሉ የበሰለ ነገር ያደረግኸው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሰው ዳገት የሚፈራው ስለሚያለከልከው ነው፤ ጉልበትን የሚጨርሰው ግን ቁልቁለት ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሞጣ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ያን ሁሉ ስንቅ ተሸክመህ ስትወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ የጭንህ ጡንቻ እንደ ፍሬን ሆኖ ነው ሰውነትህን የሚይዝልህ፤ ጡንቻው ሲዝል ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። ጉልበት ትንሽ ቆጥቆጥ ሲያደርግ አረፍ ብለህ፣ ሸክም ቀንሰህ ልትቀጥል ትችል ይሆናል። ያበጠና አልታጠፍም ያለ ጉልበት ግን የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እሱን እየጎተቱ መሄድ ጀግንነት አይባልም፣ በኋላ ለወራት እያነከሱ መክፈል ነው። አሁንም ካልታየህ ዛሬውኑ ታይ፤ ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ሐኪም ካየህ በኋላ ነው።

ደግሞ ዱላ ይዘህ ነበር? አልጻፍህልኝም። የጎጃም ገበሬ ረጅም መንገድ ሲወጣ ዱላውን አይለይም። ፈረንጁ ደግሞ ሁለት የብረት ዱላ በዶላር ገዝቶ ይመጣል። ሁለቱም ቁልቁለት ላይ ከክብደታቸው የተወሰነውን ከጉልበታቸው አንሥተው በእጃቸው ይሸከሙታል። እጁን ኪሱ ከቶ ጮቄን የሚወርድ የከተማ ልጅ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄህ እንምጣ። «ይቆጠርልኛል ወይ» ብለሃል። ማነው ቆጣሪው?

አሜሪካ ውስጥ አፓላቺያን ትሬይል የሚባል የእግር መንገድ አለ። ከጆርጂያ ተነሥቶ 14 ግዛቶችን አልፎ ሜይን ይገባል፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዎች ሥራ ለቀው፣ ቤት አከራይተው፣ ወራት ሙሉ ይሄዱበታል። ሙሉውን ባንድ ጉዞ እንጨርሳለን ብለው ከሚነሡት መካከል የሚጨርሱት ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው። እዚያ አገር ብትሆን ኖሮ «ጉልበቴ አበጠና ተመለስሁ» ስትል ዞሮ የሚያይህ ሰው የለም፤ አብዛኛው እንዳንተ ነዋ።

መንገዱን የሚንከባከበው ማኅበር ሙሉውን የሄደን ሰው ይመዘግባል። ደንቡ ገራሚ ነው። ባንድ ጊዜ ሂደው፣ በየዓመቱ እየቆራረጥህ ሂደው፣ ግድ የለውም። ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከመሀል ጀምረህ፣ እንደፈለግህ። በስንት ቀን ጨረስህ አይልህም፣ ሻንጣ ተሸክመሃል ወይ አይልህም። የሚፈልገው መንገዱን በሙሉ መሄድህን ብቻ ነው። ማስረጃ አምጣ የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም። ሄጃለሁ ካልህ ቃልህን ያምናል። ይህችን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኤማ ጌትውድ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ፣ የ11 ልጆች እናት። እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን መንገድ ከሜይን በኩል ጀመሩት። ጠፉ፣ መነጽራቸው ተሰበረ፣ የጫካ ጥበቃ ሠራተኞች አግኝተዋቸው «እማማ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አሏቸው። እሳቸውም ሄዱ። በዓመቱ በ67 ዓመታቸው ከጆርጂያ በኩል ጀምረው፣ ሸራ ጫማ አድርገው፣ በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት ትከሻቸው ላይ ጥለው እስከ ሜይን ሄዱት። ሴት ብቻዋን ሙሉውን በአንድ ጉዞ ስትሄድ የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። በኋላም ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜም ጨርሰውታል፤ ያኛውን ግን እየቆራረጡ ነው የሄዱት። ሦስቱም ተቆጥሮላቸዋል። የ1954ቱን ደግሞ ማንም ጨርሰዋል አላለም፣ እሳቸውም አላሉም። እኔን የሚገርመኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው።

ስፔን ብትሄድ ሌላ ሕግ ታገኛለህ። ወደ ሳንቲያጎ የሚሄዱ ተሳላሚዎች የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ አለባቸው፣ ከዚያ በፊት ያለውን በአውሮፕላን መጡ በባቡር መጡ ማንም አይጠይቃቸውም። በአሜሪካኑ ደንብ ይህ ሰው ገና ጀማሪ ነው፣ በስፔኑ ደንብ ወረቀቱን ይዞ አገሩ ይገባል። ሁለቱም ጋ ጠብ የለም፣ ደንቡ ከመነሣታቸው በፊት ይታወቃላ። ጠብ የሚኖረው ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ሲተቻቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንገዱን ለማሳየት ዛፍ ላይ ነጭ ቀለም ይቀባሉ፤ ከዚያ ምልክት አንዷን እንኳ ሳያይ ካለፈ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ተመልሶ የሚረግጣት ሰው አለ። ሌላው ደግሞ ዝናብ ሲበዛበት እጁን ዘርግቶ መኪና ያስቆማል፣ ማታም እየሣቀ ይናገረዋል። እኔ ሁለተኛውን ሰውዬ ባልኮርጀውም እወደዋለሁ።

እናንተ ሦስታችሁ ከማርቆስ ስትነሡ ደንባችሁ ምን ነበር? «በእግር ባሕር ዳር» ብቻ። አንዱ ቢታመምስ? ሁለቱ ይቆያሉ ወይስ ይቀጥላሉ? የቀረው ሰው ሞጣ ይጠብቃል ወይስ ቤቱ ይገባል? መኪና የተሳፈረ ሰው በመጨረሻው ፎቶ ላይ ይኖራል ወይ? ይህን ሁሉ ሳትነጋገሩ ነው የወጣችሁት። ጫማና ስንቅ ላይ ስትጨነቁ ይህን ረሳችሁት።

አያቶቻችን በዚህ ይበልጡን ነበር። በእግሩ ግሸን እሄዳለሁ ብሎ የተሳለ ሰው መንገድ ላይ ታሞ ቢቀር «ኧረ ምንም አይደል፣ ከዚህ ወዲያ በመኪና ይሁን» ብሎ ራሱን በራሱ አይፈታም። የንስሐ አባቱን ሄዶ ይጠይቃል፤ እሳቸው ያሉትን ያደርጋል። ማለቴ፣ ቃሉ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ታቦት የተሰጠ ነው፣ ሲጎድልም የሚመለሰው እዚያው ነው። አንተ ደግሞ ቃልህን የሰጠኸው በፌስቡክ ለማርቆስ ሰው ነበር።

የቆሎ ተማሪውንም አስበው። አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከዲማ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ጎንደር ሲል ወጣትነቱ ያልቃል። እግሩ ቆስሎ ያላሰበው ደብር ቢቀር፣ እዚያ ያሉት የኔታ ቅኔ የሚያውቁ ከሆነ እዚያው ይቀመጣል፤ መሄዱ ለትምህርቱ ነበር። አንተ ለምን ነበር የሄድኸው? እውነቴን ነው የምጠይቅህ። ይህን ያህል ስትጽፍልኝ ስለ ጮቄ አንድ ቃል አላነሣህም። ጅባራውን አላየኸውም? ያን ብርድ፣ ያን ጓሳ፣ ከዚያ ተራራ ስንት ወንዝ እንደሚነሣ አላየህም? የጻፍህልኝ ስለ ፌስቡክ፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ ኮሜንት ነው። ምናልባት ደብዳቤው አልበቃህ ብሎ ይሆናል። ካልሆነ ግን ጮቄ ጫፍ በእግርህ ወጥተህ እሱን እንደ ምንም ማለፍህ ከጉልበትህ በላይ ያሳስበኛል።

አሁን ያዝልኝ ወዳልሁህ ነገር፣ ቃልን ወደ ማመኑ፣ ልመለስ። «ፎቶ ተነሣን፣ ለጠፍሁት» ብለህ ባንዲት መስመር ያለፍሃት ነገር አለች። ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ሰው «ጀግኖች» እያለ ሲጽፍልህ ሦስት ቀን ዝም አልህ። አልዋሸህም፣ አውቃለሁ፣ አንዲት ቃል አልጻፍህም። ግን ፎቶውን ያየ ሁሉ ሦስታችሁም በእግራችሁ የገባችሁ መስሎት ነበር፣ አንተም እንደመሰለው ታውቅ ነበር። በዚህ ዓይነት ጉዞ ዳኛ የለም ብዬሃለሁ፤ ያለው የመንገደኛው ቃል ብቻ ነው። ወድቀህ እንደሆነ የወደቅኸው ድጓ ጽዮን ላይ አይደለም፣ ባሕር ዳር ድልድዩ አጠገብ ስልክህን ይዘህ ነው።

ጓደኛህ ለምን እንደተናደደም ከዚህ ይገባሃል። ያንተ ዝምታ የእሱንም እግር ነው ያሳማበት። አንዱ በመኪና መምጣቱ ሲሰማ ሰው ምን ይላል? «እነዚያስ በእውነት በእግራቸው ነው የሄዱት?» ይላል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ መጥቶ እንዲህ ሲጠረጠር ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። አነጋገሩ ክፉ ነበር። ስልክህ እያለው በሕዝብ ፊት ማለቱ የወንድም ሥራ አይደለም፣ ይህን ፊት ለፊት ንገረው። ግን አስቀድመህ የአንተን ድርሻ ነግረኸው ነው። ሦስት ቀን የጠበቀው ምናልባት ራስህ እንድትናገር ይሆናል።

የማርቆስ ልጆችም ቢሆኑ... ያኔውኑ ሞጣ ሆነህ «ጉልበቴ አብጦ በአይሱዙ ሞጣ ገብቻለሁ፣ ሹፌሩ እግዜር ይስጠው» ብለህ ብትለጥፍ ኖሮ ቀልዱ ያንተ ይሆን ነበር። አሁንም አልረፈደም። እዚያው ፎቶ ሥር በሁለት መስመር ጻፈው። ጮቄን በእግሬ ወጣሁ፣ ከድጓ ጽዮን በኋላ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ በመኪና ሄድሁ፣ ሙሉውን በእግራቸው የሄዱት እገሌና እገሌ ናቸው በል። የይቅርታ ድርሰት አትጻፍ፣ የሐኪም ወረቀት ፎቶ አታንሣ፣ ምክንያት አታብዛ። ለጓደኛህ ግን ከመለጠፍህ በፊት ደውልለት፤ ከፌስቡክ መስማት የለበትም።

ተመልሼ ብሄደው ያልኸውን በተመለከተ አንድ ነገር አስተዋልሁ። የጠየቅኸኝ ከድጓ ጽዮን እስከ ሞጣ ስላለው ብቻ ነው። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳርስ? እሱንም እኮ በአውቶቡስ ነው የሄድኸው፣ ደግሞም ረዘም ያለ መንገድ ነው። ልጆቹ «አይሱዙ» ስላሉህ የአይሱዙውን ብቻ ልትከፍል ነው እንዴ? «አውቶቡስ» ቢሉህ ኖሮ ሌላኛውን ትጠይቀኝ ነበር መሰለኝ። የልጆቹን አፍ ለማዘጋት ከሆነ አትሂድ፣ አይዘጋልህም፤ ጨርሰህ ስትመጣ «አይሱዙ በእግሩ መጣ» ነው የሚሉህ።

መንገዱ ራሱ ካማረህ ግን ሂደው፣ ይቆጠርልሃልም። ማለትም «ከማርቆስ ባሕር ዳር በእግሬ ሄጃለሁ፣ በሁለት ጊዜ» ብትል እውነት ነው፣ ማንም አይከራከርህም። ጉልበትህ በደንብ ይዳን፤ መጀመሪያ ማርቆስ ዙሪያ ባዶ እጅህን፣ ከዚያ ትንሽ ሸክም ይዘህ፣ ቁልቁለት ባለበት ሞክረው። ክረምቱ ይለፍ፣ ወንዙ ይጉደል፣ ጭቃው ይድረቅ፤ ከጥቅምት ወዲያ ጥሩ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን የዚያው አገር ሰው ሳትጠይቅ እግርህን እንዳታነሣ፤ ሰላም ካልሆነ ይቆይ፣ መንገዱ የትም አይሄድም። ብቻህንም አትሂድ። ከድጓ ጽዮን ሞጣ ያለውን ደግሞ ገልብጠህ ከሞጣ ወደ ላይ ውጣው። ሽቅብ ስለሆነ ያለከልክሃል እንጂ ጉልበትህን እንደ ቁልቁለቱ አይጫነውም፣ በየት በኩል እንደጀመርህ የሚጠይቅህም የለም። ሲመሽብህ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብለህ የምትገባበት ቤት አይጠፋም፤ ብቻ አንተም ባዶ እጅህን አትግባ፣ ስኳርም ቡናም ያዝ።

ይህን ሁሉ ብዬህ ካልፈለግህ ደግሞ ተወው። ማርቆስ ተወልደህ ጮቄን በእግርህ ወጥተሃል፣ ሌላውን አልሄድኸውም፤ እንዲህ ብሎ መኖር ይቻላል።

አንድ የቀረ ነገር። ጫማውን የሰጠህ ባለሱቅ አለ። እሱ በአንተ ስም ለሰው ሲያወራ ከርሞ ይሆናል፣ «የእኔ ጫማ ባሕር ዳር ገባ» እያለ። ለእሱ በፌስቡክ አይሆንም። ሱቁ ሄደህ የሆነውን ንገረው፣ ጫማውን ልመልስ ወይ በለውና ያለህን አድርግ። አይ ያዘው የሚልህ ይመስለኛል። ሱቁ እዚያው ማርቆስ ስለሆነ በእግርህ ድረስ፣ ባጃጅ አትያዝ።